የቆላ እንቁላል በደጋ አየር

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን አባባል ሳይሰማ ያደገ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። አባባሉ ትዕግሥትን ያስተምራል፤ እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ድረስ ባሉት ሃያ አንድ ቀናት በቅርፊቱ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ግን አይነግረንም። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ይህንኑ ነው። ጉዳዩ ለብዙዎቻችን የሥነ ሕይወት ትምህርት ርዕስ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በቤት ውስጥ እንቁላል አስፈልፍሎ ጫጩት ለማሳደግ የሞከረ ሰው ሁሉ ሙቀትን፣ ግፊትን፣ እርጥበትንና ልኬትን፣ ማለትም ፊዚክስን፣ በየዕለቱ ይጋፈጣል። እኔም ይህን የተረዳሁት ከመማሪያ መጽሐፍ ሳይሆን በገዛ ቤቴ ሳሎን ውስጥ ከገጠመኝ ውድቀት ነው።

ድንክ ዶሮና የሐበሻ ዶሮ

በዓለም ላይ ባንታም በመባል የሚታወቁ በጣም ትንንሽ ዶሮዎች አሉ። ስያሜያቸው በኢንዶኔዥያ፣ በጃቫ ደሴት ላይ ከምትገኘው ከጥንታዊቷ የባንተን ወደብ የተወሰደ ነው። ጀርመኖች በቋንቋቸው በቀጥታ «ድንክ ዶሮ» ይሏቸዋል፤ እኛም በዚሁ ስም ብንጠራቸው አንሳሳትም። ከመካከላቸው የማሌዢያው ሰራማ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ኪሎግራም እንኳ አይሞላም። ድንክ ዶሮዎች የሚወደዱት በመልካቸው ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ እንቁላል ላይ ለመቀመጥ የሚቸኩሉ ጥሩ እናቶች ናቸው። ለእንቁላል ምርት ሲባል የተመረጡት የዘመኑ ዝርያዎች ግን የመታቀፍ ጠባያቸውን አጥተዋል ማለት ይቻላል።

የአገራችን ዶሮ ከድንክ ዶሮዎች ተርታ አትመደብም። ይሁን እንጂ እንቁላሏ ከእነርሱ እንቁላል ብዙም አይበልጥም። ከትልልቅ የእርባታ ድርጅቶች የሚመጣ እንቁላል ወደ 60 ግራም ሲመዝን የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ወደ 40 ግራም ነው፤ የድንክ ዶሮ ደግሞ ባብዛኛው ከ30 እስከ 40 ግራም። ስለዚህ ስለ ድንክ ዶሮ እንቁላል የምንማረው አብዛኛው ነገር ለሐበሻ እንቁላልም ይሠራል።

የመጠኑ ጉዳይ እንዲሁ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ቅርጻቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት አካላት ቢኖሩ፣ ትንሹ ከክብደቱ አንጻር ሰፊ ገጽ ይኖረዋል። 60 ለ40 ሲካፈል 1.5 ነው፤ የ1.5 ኩብ ሩት ደግሞ 1.14 ያህል ነው። በመሆኑም ትንሹ እንቁላል ለእያንዳንዱ ግራም ክብደቱ ከትልቁ በ14 በመቶ የሚበልጥ ገጽ አለው። ሙቀትም ሆነ ውኃ የሚወጣው በገጽ በኩል ስለሆነ ትንሹ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ቶሎም ይደርቃል። ይህን ቁም ነገር እንያዝ፤ ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላም ይመለስብናል።

አንድ ሣጥን በሁለት አገር

ለዶክትሬት ትምህርቴ የቆየሁት በሰሜን ጀርመን፣ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማትል ከተማ ነበር። ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ አዛውንት ነበሩ፤ በጓሯቸው ድንክ ዶሮዎች ያረባሉ። አንድ የጸደይ ወራት አሥራ ሁለት እንቁላሎችና አንድ የቆየ መመሪያ መጽሐፍ ሰጡኝ። እኔም ከኮምፖርሳቶ አንድ ሣጥን ሠራሁ። በውስጡ ክር ያለው አምፖል፣ አንድ ትንሽ ማራገቢያ፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታት፣ የእርጥበት መለኪያና ሰፋ ያለ የውኃ ሳህን አስቀመጥሁ። መጽሐፉ የሚለው ግልጽ ነበር፦ የሙቀት መጠኑ 37.7 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ እስከ አሥራ ስምንተኛው ቀን 50 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ከ65 እስከ 70 በመቶ ይሁን፤ እንቁላሎቹም በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይገላበጡ። ቃል በቃል ፈጸምሁት። በሃያኛው ቀን ዘጠኝ ጫጩቶች ተፈለፈሉ። የድንክ ዶሮ ጫጩቶች ከሌሎቹ አንድ ቀን ያህል ቀድመው መውጣታቸው የተለመደ ነው።

ወደ አገሬ ስመለስ ቴርሞስታቱን፣ የእርጥበት መለኪያውንና መጽሐፉን ይዤ መጣሁ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ልጄ አሥር ዓመት ሲሞላት፣ ያንኑ የመሰለ ሣጥን አዲስ አበባ ውስጥ ሠራን። መተሐራ የሚኖር ዘመዳችን በአውቶቡስ ሲመጣ አሥራ አራት የሐበሻ እንቁላሎች አመጣልን። ቁጥሮቹን ሁሉ ከመጽሐፉ ወሰድን። በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ እያንዳንዱን እንቁላል በእጅ ባትሪ ብርሃን ፊት አድርገን ስናይ፣ በአሥራ አንዱ ውስጥ ሕያው ሽል ነበር። ልጄ ለአሥራ አንዱም ስም አወጣችላቸው።

በሃያ አንደኛው ቀን ጠዋት ከሣጥኑ ውስጥ ድምፅ ይሰማ ጀመር። አንዳንዶቹ ቅርፊታቸውን ትንሽ በሱ። ልጄ ጆሮዋን ከሣጥኑ ላይ አልነቀለችም። ቀትር ላይ አንድ፣ ማታ አንድ ወጣ። የቀሩት ግን ሌሊቱን በሙሉ እየደከሙ ሄዱ፤ ሲነጋም ሣጥኑ ጸጥ አለ። ዘጠኙ በቅርፊታቸው ውስጥ ሞተው ነበር። ከፍተን ስናያቸው ጫጩቶቹ ሙሉ አካል ይዘዋል፤ ምንም የጎደላቸው ነገር የለም። ነገር ግን ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋን እንደ ብራና ደርቆ በላባቸው ላይ ተጣብቋል። መገላበጥ ያቃታቸው በገዛ መጠቅለያቸው ታንቀው ነው። ልጄ «አባዬ፣ የት ላይ ተሳሳትን?» ስትለኝ መልስ አልነበረኝም።

እናቴ በሳምንቱ ልትጠይቀን መጥታ ነገሩን ሰማች። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ዶሮ በማስታቀፍ ግን የሰፈሩ ሁሉ አማካሪ ነበረች።

«ከየት ያመጣኸው እንቁላል ነው?» አለችኝ።

«ከመተሐራ ነው፣ እማዬ።»

«ከዚያ ሁሉ መንገድ መጥቶ እንዴት ይሆናል ብለህ ነው፣ ልጄ? እዚሁ ሰፈር እንቁላል ጠፍቶ ነው?»

እርሷ ያሰበችው መንገድ ላይ የመንገጫገጩን ነገር ነበር፤ ይህም ራሱን የቻለ እውነት ነው። የተጓዘ እንቁላል ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርጎ ቢያንስ አንድ ቀን ማረፍ ይኖርበታል። እኛም አሳርፈነው ስለነበር ንግግሯን እንደ ተራ ወቀሳ ቆጥሬ አለፍሁት። ዋናው ጥያቄ የእርሷ ጥያቄ መሆኑ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው።

የሚተነፍስ ቅርፊት

የእንቁላል ቅርፊት ሲያዩት የተደፈነ ግድግዳ ይመስላል። በእርግጥ ግን ወደ 10,000 የሚጠጉ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። በውስጡ ያለው ሽል ሊፈለፈል እስኪቃረብ ድረስ በሳንባው አይተነፍስም፤ ደረቱንም አያንቀሳቅስም። አየሩ የሚገባውና የሚወጣው የጋዝ ሞለኪውሎች ከበዙበት ወደ አነሱበት በራሳቸው እንቅስቃሴ ስለሚሰርጉ ብቻ ነው። ይህ በፊዚክስ ዲፊውዥን የምንለው ክስተት ነው።

ይህን ጉዳይ በስፋት ያጠኑት በአሜሪካ፣ በበፋሎ ከተማ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ኸርማን ራን፣ ቻርልስ ፓጋኔሊና ባልደረባቸው አሞስ አር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1979 ለሕዝብ ባቀረቡት ጽሑፍ እንደገለጹት፣ 60 ግራም የሚመዝን የዶሮ እንቁላል በሃያ አንዱ ቀናት ውስጥ ወደ 6 ሊትር ኦክሲጅን ያስገባል፤ 4.5 ሊትር ካርቦን ዳይኦክሳይድና 11 ሊትር የውኃ ተን ያስወጣል። የውኃው ተን ክብደት ወደ 9 ግራም ነው፤ ይህም ከእንቁላሉ የመነሻ ክብደት 15 በመቶ ያህል ማለት ነው።

ይህ የውኃ መቀነስ ጉዳት አይደለም፤ እንዲያውም የግድ አስፈላጊ ነው። ውኃው ሲቀንስ በእንቁላሉ ሰፊ ጫፍ በኩል ያለው የአየር ኪስ ይሰፋል። ጫጩቱ ቅርፊቱን ከመብሳቱ በፊት የመጀመሪያውን እስትንፋስ የሚስበው ከዚህ ኪስ ነው። ውኃው ከሚገባው በታች ከቀነሰ ኪሱ ይጠብና ጫጩቱ ውኃ አርግዞ ይቀራል። ከሚገባው በላይ ከቀነሰ ደግሞ ሽፋኑ ይደርቃል፤ ጫጩቱም ይጣበቃል። እስከ አሥራ ስምንተኛው ቀን ድረስ ከ11 እስከ 14 በመቶ ቢቀንስ ተስማሚ ነው። በእኛ ሣጥን የሆነው ሁለተኛው ችግር ነበር። ታዲያ ጀርመን ያልደረቀው እንቁላል በዚያው ሙቀትና በዚያው እርጥበት አዲስ አበባ ላይ ለምን ደረቀ?

ከባሕር ወለል በ2,400 ሜትር ከፍታ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በባሕር ወለል ላይ 101 ኪሎፓስካል የሆነው የከባቢ አየር ግፊት እዚህ ወደ 76 ኪሎፓስካል ይወርዳል። በሌላ አነጋገር በእያንዳንዱ ሊትር አየር ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች በአንድ አራተኛ ያነሱ ናቸው።

አንድ የውኃ ሞለኪውል በቅርፊቱ ቀዳዳ ውስጥ አልፎ ለመውጣት ሲጓዝ ከአየር ሞለኪውሎች ጋር እየተጋጨ መንገዱን ይስታል። በገበያ ቀን መርካቶ ውስጥ ለማለፍ የሚሞክርን ሰው እናስብ፤ ሰዉ ሲሳሳ መንገዱ ይፈጥናል። እንደዚሁም የአየሩ ሞለኪውሎች ሲያንሱ ግጭቱ ይቀንሳል፤ የውኃ ተኑም ቶሎ ሰርጎ ይወጣል። የዲፊውዥን ፍጥነት ከግፊቱ ጋር የተገላቢጦሽ ዝምድና አለው። 101ን ለ76 ስናካፍል 1.33 እናገኛለን። ስለዚህ ያው ቅርፊት፣ በዚያው የሙቀት መጠንና በዚያው እርጥበት፣ አዲስ አበባ ላይ አንድ ሦስተኛ ያህል ተጨማሪ ውኃ ያጣል። በባሕር ወለል ላይ 13 በመቶ የሚቀንስ እንቁላል እዚህ ከ17 በመቶ በላይ ይቀንሳል ማለት ነው። መጽሐፉ አልዋሸም፤ የጻፈው ግን ለጸሐፊው አገር አየር ነበር።

ይህን ዶሮዎች ያውቁታል ብንል ማጋነን አይሆንም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ፣ በኋይት ተራሮች 3,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በኖሩ ዶሮዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ በዚያ ከፍታ የሚጣለው እንቁላል ቅርፊት የቀዳዳዎቹ ጠቅላላ ስፋት ከቆላው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። አየሩ ሲሳሳ ቅርፊቱ ይጠብቃል፤ በዚህም የውኃው ብክነት ይመጠናል። እንግዲህ የእናቴ ጥያቄ እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል። የመተሐራ ከፍታ ወደ 950 ሜትር ነው። እንቁላሎቻችን የተሠሩት ለዚያ ጥቅጥቅ ላለ አየር ነበር፤ እኛ ደግሞ በስስ አየር ውስጥ አስቀመጥናቸው።

በዚህ ላይ የክፍሉ አየር ድርቀት ይጨመራል። በ18 ዲግሪና በ50 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ላይ ያለ አየር የሚይዘው የውኃ ተን ግፊት 1 ኪሎፓስካል ያህል ነው። ይኸው አየር ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ እስከ 37.7 ዲግሪ ሲሞቅ ተኑ አይጨምርም፤ አየሩ ሊይዘው የሚችለው መጠን ግን ወደ 6.5 ኪሎፓስካል ያድጋል። ስለዚህ አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 16 በመቶ ያሽቆለቁላል። የውኃ ሳህኑ ለአንድ ሌሊት ቢደርቅ ምን እንደሚሆን አንባቢ ሊገምት ይችላል።

ሚዛኑ ይናገር

ችግሩን ከተረዳን መፍትሔውን ማስላት ይቻላል። በእንቁላሉ ውስጥ ያለው አየር በውኃ ተን የጠገበ በመሆኑ የተኑ ግፊት 6.5 ኪሎፓስካል ነው። ሣጥኑ ውስጥ 50 በመቶ እርጥበት ካለ የውጩ 3.25 ይሆናል፤ ልዩነቱም 3.25 ነው። ተኑን የሚገፋው ይህ ልዩነት ነው። በአዲስ አበባ ፍጥነቱ በ1.33 ስለሚባዛ፣ ልዩነቱን በዚያው ልክ ወደ 2.44 ማውረድ አለብን። የውጩ ግፊት 4.06 መሆን ይኖርበታል ማለት ነው፤ ይህም 62 በመቶ ያህል አንጻራዊ እርጥበት ነው። በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ደግሞ ከ70 በመቶ በላይ ማድረግ ይበጃል።

ነገር ግን 62 ቁጥሩንም እንደ አዲስ መመሪያ መጽሐፍ እንዳትቀበሉት እለምናለሁ። ስሌቱ የሚሠራው ለባሕር ወለል ለተሠራ ቅርፊት ነው። የእንጦጦ ዶሮ እንቁላልና የአዋሽ ዶሮ እንቁላል አንድ ዓይነት ቅርፊት ላይኖራቸው ይችላል። ትክክለኛውን መልስ የሚያውቀው እንቁላሉ ራሱ ነው፤ የሚናገረውም በሚዛን በኩል ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የግራምን አንድ አሥረኛ የሚለይ ትንሽ ሚዛን በቂ ነው። እያንዳንዱን እንቁላል በእርሳስ ቁጥር ስጡት፤ በመጀመሪያው ቀን መዝኑት፤ ከዚያም በየሦስት ቀኑ መዝናችሁ በግራፍ ወረቀት ላይ አስቀምጡ። 40 ግራም የነበረ እንቁላል በአሥራ ስምንት ቀን 13 በመቶ እንዲቀንስ ከፈለግን 5.2 ግራም ማጣት አለበት፤ በቀን 0.29 ግራም ያህል ማለት ነው። በስድስተኛው ቀን 1.7 ግራም ከቀነሰ መንገዱ ትክክል ነው። 2.6 ግራም ከቀነሰ እየደረቀ ነውና የውኃውን ገጽ ማስፋት፣ ስፖንጅ መጨመር ያስፈልጋል። የሳህኑ ጥልቀት ምንም አይጠቅምም፤ የሚተንነው ከገጹ ብቻ ነው። የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎችን በመድፈን እርጥበት ለመጨመር የሚሞክር ሰው ግን ይሳሳታል። በአዲስ አበባ የኦክሲጅን ከፊል ግፊት በባሕር ወለል ካለው 21 ኪሎፓስካል ወደ 16 የወረደ ስለሆነ ሽሎቹ ያለውን አየር ሁሉ ይፈልጉታል።

እኔና ልጄ በሁለተኛው ሙከራ ይህንን ሠራን። ሠንጠረዡን የያዘችው እርሷ ነበረች። ከአሥራ ሁለት እንቁላሎች ስምንት ጫጩቶች ወጡ። ይህ ማስረጃ ነው አልልም፤ በሁለቱ ሙከራዎች መካከል የቀየርነው ከአንድ ነገር በላይ ነው፤ ቁጥራችንም ትንሽ ነው። ነገር ግን በዚህኛው ጊዜ ምን እየሆነ እንደነበር በየሦስት ቀኑ እናውቅ ነበር። በመጀመሪያው ሙከራ ያወቅነው በመጨረሻው ሌሊት ብቻ ነው።

ሙቀቱ የት ላይ ይለካል?

እንቁላልን ያለ ዶሮ መፈልፈል አዲስ ነገር አይደለም። ግብፃውያን በትልልቅ የጭቃ ምድጃዎች ከጥንት ጀምሮ ሲያስፈለፍሉ ኖረዋል። ከአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ አሥራ ሰባተኛው መጀመሪያ የኖረው ኔዘርላንዳዊው ኮርኔሊስ ድሬበል ደግሞ ሙቀቱን በራሱ የሚያስተካክል የእንቁላል መፈልፈያ ሠርቷል። ፈሳሹ ሲሞቅ ይለጠጥና የአየር ማስገቢያውን ይዘጋል፤ ሲቀዘቅዝ ይከፍተዋል። በታሪክ ከሚታወቁት የመጀመሪያዎቹ ራስ ተቆጣጣሪ መሣሪያዎች አንዱ ለጫጩት ሲባል መሠራቱ ለእኛ ለመሐንዲሶችና ለፊዚክስ ሰዎች ትሕትና የሚያስተምር ነው። በቴርሞሜትር እስኬል ስሙ የሚታወቀው ፈረንሳዊው ሬዮሚርም እ.ኤ.አ. በ1749 ስለ ጫጩት አፈላፈል ሰፊ መጽሐፍ አሳትሟል።

በቤት ሣጥን ውስጥ የሚፈጸመው ዋናው ስሕተት ቴርሞሜትሩን በተሳሳተ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ማራገቢያ በሌለው ሣጥን ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ከላይና ከታች ያለው ልዩነት ብዙ ዲግሪ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ሣጥን የሚለካው በእንቁላሎቹ የላይኛ ገጽ ከፍታ ነው፤ እዚያ ላይ ከ38.3 እስከ 38.9 ዲግሪ መሆን አለበት። ማራገቢያ ካለ 37.5 እስከ 37.8 በቂ ነው። ተጨማሪ ጥንቃቄም አለ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ሽሉ ራሱ ሙቀት ስለሚያመነጭ እንቁላሉ ከአየሩ በላይ ይሞቃል፤ ስለዚህ በዚያ ጊዜ ሙቀቱ ከፍ ማለቱ ከዝቅ ማለቱ ይበልጥ ያሰጋል።

መብራት ሲጠፋ

ከአንባቢ ሊነሣ የሚችለው የመጀመሪያው ጥያቄ «መብራት ሲጠፋስ?» የሚለው እንደሚሆን አልጠራጠርም። በቅድሚያ መረጋጋት ያስፈልጋል። የታቀፈች ዶሮም በቀን አንድ ጊዜ ለመብላትና ለመጠጣት ተነሥታ እንቁላሉን ለጥቂት ደቂቃዎች ታቀዘቅዛለች። አጭር ቅዝቃዜ ሽሉን አይገድለውም።

ለረዘመው ጊዜ ውኃ ይርዳን። የእኛ ሣጥን በክፍሉ ሙቀት 15 ዋት ያህል ሙቀት ወደ ውጭ ያጣል፤ ይህንንም 25 ዋት የሆነው አምፖል ከአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደሚበራ በመቁጠር አወቅን። አምስት ሊትር ውኃ በጠርሙሶች አድርገን ሣጥኑ ውስጥ ብናስቀምጥ፣ ውኃው ከ38 ወደ 35 ዲግሪ ሲወርድ 63,000 ጁል ይለቃል። ይህን ለ15 ስናካፍል 4,200 ሰከንድ፣ ማለትም 70 ደቂቃ እናገኛለን። ሣጥኑን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ብናለብሰው ጊዜው የበለጠ ይረዝማል፤ የአየር ቀዳዳዎቹ ግን አይሸፈኑ። መብራቱ ከቆየ በጠርሙሶቹ ውስጥ ሞቅ ያለ ውኃ መቀየር ነው። በአሁኑ ጊዜ የተስፋፋው የኤልኢዲ አምፖል የሚሰጠው ሙቀት አነስተኛ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አያገለግልም። ውኃና 220 ቮልት በአንድ ሣጥን ውስጥ መሆናቸውንም አትርሱ፤ ሽቦዎቹ በሚገባ ይሸፈኑ፤ ሳህኑ ሲሞላም ሶኬቱ ይነቀል።

ከቅርፊቱ ከወጡ በኋላ

አዲስ የተፈለፈለ ጫጩት የእንቁላሉን ክብደት ሁለት ሦስተኛ ያህል ይመዝናል፤ ከ40 ግራም እንቁላል 27 ግራም ገደማ ጫጩት ይወጣል። አስኳሉን ወደ ሆዱ አስገብቶ ስለሚወጣ እስከ ሁለት ቀን ያለ ምግብ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ላባው እስኪደርቅ ሣጥኑን እየከፈቱ ማስጨነቅ አይገባም።

ከዚያ በኋላ ያ የገጽና የክብደት ሒሳብ ይመለሳል። ድንክ ጫጩት ከትልቁ ይልቅ ቶሎ ይቀዘቅዛል። በመጀመሪያው ሳምንት ከአምፖሉ ሥር ያለው ሙቀት 35 ዲግሪ ያህል ይሁን፤ ከዚያ በየሳምንቱ በ3 ዲግሪ ያህል ይቀንስ። ነገር ግን ከቴርሞሜትሩ ይልቅ ጫጩቶቹን ተመልከቱ። ከአምፖሉ ሥር ተቆላልፈው የሚጮኹ ከሆነ በርዷቸዋል። ወደ ጥግ ሸሽተው አፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩ ከሆነ ሞቋቸዋል። ተበታትነው የሚጭሩና የሚያንቀላፉ ከሆነ ተስማምቷቸዋል። ለዚህም ማቆያው አንደኛው ጥግ ሞቃት፣ ሌላኛው ቀዝቀዝ ያለ እንዲሆን ማድረግ ይገባል፤ ጫጩቱ የሚስማማውን ራሱ ይመርጣል።

ወለሉ ላይ ጋዜጣ ብቻ ማንጠፍ እግራቸውን ያንሸራትትና ያበላሻል፤ ሰጋቱራ ወይም ጭድ ይሻላል። የውኃ ዕቃቸው ጥልቀት የሌለው ሆኖ ጠጠሮች ይጨመሩበት፤ ድንክ ጫጩት በሁለት ጣት ጥልቀት ውኃ ሊሰጥም ይችላል። የተፈጨ እህል ብቻውን አያሳድጋቸውም፤ ወደ 20 በመቶ ፕሮቲን ያለው የጫጩት መኖ ያስፈልጋቸዋል። ፈንግል በአገራችን ዶሮዎችን በጅምላ የሚጨርስ በሽታ በመሆኑ ክትባቱን በጊዜው ለማስከተብ የእንስሳት ሐኪም ማማከር የግድ ነው። ጫጩት የነካ እጅም በሳሙና ይታጠብ።

ለአንባብያን የቀረበ ሙከራ

በመጨረሻ አንድ ግብዣ አለኝ። ይህን ለመሥራት መፈልፈያ ሣጥን አያስፈልግም፤ ሽል ያለበት እንቁላልም አያስፈልግም። ከተለያየ ከፍታ፣ ለምሳሌ 500 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ከጋምቤላና 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ከደብረ ብርሃን፣ አዲስ የተጣሉ የሐበሻ እንቁላሎች አሰባስቡ። እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ባለበት በተዘጋ ዕቃ ውስጥ፣ የሙቀት መጠኑ በማይለዋወጥ ቦታ፣ አንድ ላይ አስቀምጧቸውና በየቀኑ መዝኑ። አየሩ ለሁሉም አንድ ስለሆነ፣ ክብደታቸውን በእኩል ከመዘናችሁ በኋላ የሚቀረው ልዩነት የቅርፊቶቻቸው ልዩነት ነው። የዶሮዎቹን ዕድሜና መኖም መዝግቡ፤ እነዚህም ቅርፊትን ይለውጣሉና። የደጋው ዶሮ እንደ ካሊፎርኒያው ተራራ ዶሮ ቅርፊቱን አጥብቆ ይሆን? በጥቂት ሳምንታት፣ በአንድ ትንሽ ሚዛን፣ በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ መልስ ሊገኝለት የሚችል ጥያቄ ነው።

ልጄ አሁን አድጋለች። የሁለተኛው ሙከራ ሠንጠረዥ ግን ዛሬም ከመጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ አለ። ከላይ፣ ከቁጥሮቹ በፊት፣ በልጅነት እጅ ጽሑፏ የተጻፈ አንድ ዓምድ አለ፤ ከመጀመሪያው ሙከራ ሠንጠረዥ የጎደለው እርሱ ነበር። «እንቁላሉ የመጣው ከየት ነው?» ይላል። ዓምዱን እንድትጨምር የነገረቻት አያቷ ናት።